ከመርማሪነት ወደ ደራሲነት
(የሥነ ጽሑፍ ማኅበራችን አባሎች በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ ማኅበራችን አንድ ንግግር እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ፣ ስለ ምን እንናገር በሚለው ነገር ሦስት ሐሙስ ሙሉ ተከራከርን። ከፊሎቻችን ስለ ቅኔ ይሁን አሉ፤ ከፊሎቻችንም ስለ ቴአትር ይሁን አሉ። በመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ ያሸነፈው ማንም ያልጠበቀው ሰው ሆነ። ይኸውም በሎስ አንጀለስ ከተማ ዐሥራ አራት ዓመት በፖሊስነት አገልግሎ፣ እስከ መርማሪ ሳጅንነት ደርሶ፣ ከዚያ በኋላ የልብ ወለድና የፊልም ድርሰት ጸሐፊ የሆነው አሜሪካዊው ጆሴፍ ዋምቦ ነው።

ይህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ከገዛ መጻሕፍታቸው መካከል የእርሱን አውሰውን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ገጽ ስናነብ መክረማችን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከመካከላችን አንዱ የፖሊስ ልጅ መሆኑ ነው፤ እርሱንም ወደ ኋላ እናመጣዋለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

እውነቱን ለመናገር፣ ማንበብ ስንጀምር የጠበቅነው ሌላ ነበር። የፖሊስ ታሪክ ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው፣ ሬሳ ተገኝቶ፣ ዱካ ተፈልጎ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ገዳዩ እጁን በካቴና ታስሮ ሲወሰድ ነው። አንድ ጓደኛችን እንዲያውም ልማዱ ስለ ሆነ መጽሐፉን ከኋላው ከፍቶ ገዳዩን ሊፈልግ ሞከረ። አላገኘም። ዋምቦ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ አይደብቅምና ነው። እርሱ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ወንጀሉ ከተፈጸመ፣ ሟቹም ከተቀበረ፣ ጋዜጣውም ከተረሳ በኋላ በሕይወት የተረፈው ሰው ሌሊቱን እንዴት ያድራል? ይህ ነው ጥያቄው።

ዋምቦ የተወለደው ጥር 22 ቀን 1937 በፔንስልቬንያ ግዛት ኢስት ፒትስበርግ በተባለች የፋብሪካ ከተማ ነው። አባቱም ፖሊስ ነበር። በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነውም በማሪን ጦር ተቀጠረ። ከዚያ ወጥቶ ኮሌጅ ገባና በ1960 በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቀ። መምህራኖቻችን ይህን ልብ ይበሉልን፤ ሐሳቡ የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪ መሆን ነበር። ነገር ግን የፖሊስ ደመወዝ ከአስተማሪ ደመወዝ የተሻለ ሆኖ ስላገኘው በዚያው ዓመት ፖሊስ ሆነ። (ይህ ዐረፍተ ነገር በልምምዳችን ጊዜ በተነበበ ቁጥር መምህራችን ይስቃሉ፤ ለምን እንደሚስቁ ግን አይነግሩንም።) ቢሆንም ትምህርቱን አልተወም። መለዮውን እንደ ለበሰ እየተማረ በ1968 ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ።

በነሐሴ ወር 1965 በሎስ አንጀለስ ዋትስ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ታላቅ ሁከት ተነሥቶ 34 ሰዎች ሞቱ። ዋምቦም በዚያ እሳትና ድንጋይ መካከል ከተሰለፉት ፖሊሶች አንዱ ነበር። በዐይኑ ያየውን ሲያስብ ቆይቶ አጫጭር ታሪኮችን መጻፍ ጀመረ። ወደ መጽሔቶች ቢልክ ተመለሱለት። ከአንድ መጽሔት አዘጋጅ ግን ልብ ወለድ ቢሞክር የተሻለ እንደሚሆን ምክር አገኘ፤ ምክሩንም ሰማ።

በ1971 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «አዲሶቹ የመቶ አለቆች» ማለት ነው። የመቶ አለቃ የሚለውን ቃል ሁላችንም ከወንጌል እናውቀዋለን፤ የሮማ ወታደር፣ የሌላ ሰው ትእዛዝ ተሸካሚ። መጽሐፉ በ1960 በአንድነት ተመርቀው የወጡ ሦስት ወጣት ፖሊሶችን ይዞ እስከ ዋትስ ሁከት ያደርሳቸዋል። ከሦስቱ ይልቅ እኛን ያሳዘነን ግን ኪልቪንስኪ የተባለው ሽማግሌው ፖሊስ ነው። ሥራውን እንደ እርሱ የሚያውቅ የለም፤ ለወጣቶቹም ምክር የሚሰጠው እርሱ ነው። ጡረታ በወጣ ጊዜ ግን መለዮው ሲወልቅ ከውስጡ ሰው እንዳልቀረ ሆኖ ይታየዋል፤ በገዛ እጁም ይሞታል። ይህን ክፍል ያነበብን ዕለት ክበቡ ያለ ውይይት ተበተነ።

መጽሐፉ በብዙ ሰው እጅ ገባ፤ በበነጋው ዓመትም ፊልም ሆነ። የፖሊስ አለቆቹ ግን ተቆጡ። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ስለ መሥሪያ ቤቱ ሲጽፍ አስቀድሞ ማስፈቀድ ነበረበት፤ ደግሞም መጽሐፉ ፖሊስ የሚፈራ፣ የሚጠጣ፣ የሚሳሳትና ከሚስቱ ጋር የሚጣላ ሰው መሆኑን በግልጥ ያሳያል። በዚህ ነገር በማኅበራችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ከፊሎቻችን፣ እንጀራውን እየበላ የቤቱን ገመና ወደ አደባባይ ያወጣ ሰው ሊመሰገን አይገባም አልን። ገመናው የተሸፈነ ቤት የሚድነው እንዴት ነው? ብለን የመለስንም ነበርን። አንዲት ጓደኛችን ደግሞ ሁላችንንም ዝም ያሰኘ ነገር ተናገረች። ሰውየው ገመናውን አውጥቶ ቢሸሽ ኖሮ ከሃዲ እንለው ነበር፤ እርሱ ግን መጽሐፉን ካወጣ በኋላ በማግሥቱ ተመልሶ ያንኑ ሥራውን ሠራ፤ በጻፋቸው ሰዎች መካከል ቁጭ አለ አለችን። ክርክሩ ባያልቅም ከዚያ ወዲህ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የተከራከርነው።

ሁለተኛው መጽሐፉ በ1972 ወጣ፤ «ሰማያዊው ፈረሰኛ» ይባላል። ሃያ ዓመት በእግሩ ሰፈር ሲጠብቅ የኖረ የአንድ ወፍራም ፖሊስ የመጨረሻ ቀኖች ናቸው። ይህ ፖሊስ ሌባ እንዳያመልጥበት ብሎ በፍርድ ቤት በሐሰት ይመሰክራል፤ ሐሰቱም ይታወቅበታል። ዋምቦ ሰውየውን ወድዶ ጽፎታል፤ ቢሆንም ከውርደቱ አላዳነውም። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። እኛ በድርሰት ክፍለ ጊዜ የምንወደውን ገጸ ባሕርይ ከክፉ ነገር ሁሉ ስንጠብቀው እንውላለንና።

አሁን የንግግራችን ዋና ነገር ወደ ሆነው መጽሐፍ እንምጣ። ስሙ «የሽንኩርቱ እርሻ» ሲሆን በ1973 ታተመ። ይህ ልብ ወለድ አይደለም፤ እንደ ልብ ወለድ የተጻፈ እውነተኛ ታሪክ ነው።

መጋቢት 9 ቀን 1963 ቅዳሜ ማታ ኢያን ካምቤልና ካርል ሄቲንገር የተባሉ ሁለት ፖሊሶች፣ የተራ ሰው ልብስ ለብሰው በሆሊውድ ሰፈር ሲዘዋወሩ አንዲት መኪና አቆሙ። በመኪናዋ ውስጥ ግሪጎሪ ፓወልና ጂሚ ሊ ስሚዝ የተባሉ ቀማኞች ነበሩ። ፓወል በድንገት ሽጉጥ አውጥቶ በካምቤል ላይ ደገነ። ካምቤልም ጓደኛውን ሽጉጥህን ስጠው አለው። ሄቲንገር ለአንድ አፍታ አመነታ፤ ከዚያ ሰጠ። ቀማኞቹ ሁለቱን ፖሊሶች በመኪና ጭነው በሌሊት ተራራውን አሻግረው ቤከርስፊልድ በተባለው ከተማ አጠገብ ወዳለ የሽንኩርት እርሻ ወሰዷቸው። እዚያም ፓወል ካምቤልን ተኩሶ ገደለው። ሄቲንገር በጨለማ በእርሻው መካከል ሮጦ አመለጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተማሪን ሊያስደነግጠው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፓወል ስለ ጠለፋ የወጣውን ሕግ ያወቀ መስሎት ነበር። ሰው ጠልፎ የወሰደ ሁሉ፣ በተጠለፈው ሰው ላይ ጉዳት ባያደርስም እንኳ፣ በሞት ይቀጣል ብሎ አመነ። ስለዚህ ፖሊሶቹን በመኪናው ባስገባ ጊዜ ሞት የተፈረደበት መሰለው፤ ምስክር ላለማስቀረትም ገደለ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም ነበር። አንድ ሰው የሞተው በግማሽ በተነበበ ሕግ ነው።

ገዳዮቹ ወዲያው ተያዙ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ በይግባኝ ፈረሰ፤ እንደ ገና ተከሰሱ፤ ነገሩ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ከሞት ቅጣት ተረፉ። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን በዚህ ላይ ያቆም ነበር። ዋምቦ ግን ብዕሩን ወደ ሄቲንገር አዞረ።

ሄቲንገር ወደ ሥራው ተመለሰ። ካምቤል የስኮትላንድ ሰዎች በክንዳቸው ሥር አቅፈው የሚነፉትን የአቁማዳ እንቢልታ የሚወድ ሰው ነበርና በቀብሩ ላይ ያ እንቢልታ ተነፋ። ከቀብሩ በኋላ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ፣ ፖሊስ ምንም ቢመጣበት መሣሪያውን አሳልፎ እንዳይሰጥ የሚል መመሪያ አወጣ። በመመሪያው ስሙ ባይጠራም ስለ ማን እንደ ተጻፈ ያላወቀ አልነበረም። ከዚያም አልፎ ሄቲንገር በየጣቢያው እየዞረ ለባልደረቦቹ ያን ሌሊት እንዲናገር ተደረገ፤ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ተብሎ። ገዳዮቹ በተከሰሱ ቁጥር ደግሞ በፍርድ ቤት ቆሞ ያንኑ ይመሰክራል። ሰውነቱ ከሳ፤ ቅዠት እንቅልፍ ነሣው። ጥቂት ቆይቶ ከሱቅ ትንንሽ ዕቃዎችን መስረቅ ጀመረ። ሌብነት አያውቅም ነበር፤ ዕቃዎቹም የሚጠቅሙት አልነበሩም። በ1966 በዚሁ ምክንያት ከሥራው እንዲለቅ ሆነ፤ አትክልተኛም ሆኖ ኖረ።

እንግዲህ መርማሪነቱ የታየው እዚህ ላይ ነው። ባልደረቦቹ ሁሉ ሌባ ሆነ ብለው ሲተዉት፣ ዋምቦ ለምን ሰረቀ? ብሎ ጠየቀ። ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ብዙ ሰዎችን አነጋገረ። በብዙ ሺሕ ገጽ የሚቆጠረውን የፍርድ ቤት መዝገብ አገላበጠ። ገዳዮቹንም ሳይቀር በእስር ቤት ሄዶ ጠየቀ። የደረሰበትም ነገር ይህ ነው። ሄቲንገር ለጓደኛው ሞት ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ነበር፤ የሚቀጣው ሰው ግን አጣ። ስለዚህ የሚቀጣበትን ጥፋት ሠራ። ይህን ለማወቅ መርማሪ ብቻ መሆን አይበቃም፤ ደራሲ ብቻ መሆንም አይበቃም ብለን እናምናለን። መርማሪው መዝገቡን አገኘ፤ ደራሲው ግን መዝገቡ ሊጽፈው ያልቻለውን አነበበ።

በዚህ መካከል ዋምቦ ታዋቂ ሰው ሆኖ ነበር፤ ታዋቂነቱም ሥራውን አበላሸበት። ለምርመራ የያዛቸው ተጠርጣሪዎች መልስ በመስጠት ፈንታ በወረቀት ላይ እንዲፈርምላቸው ይለምኑት ጀመር። የሥራ ጓደኛውም የመኪና በር ይከፍትለት ጀመር። ከአለቆቹ ቁጣ ይልቅ ይህ በር እንዳስወጣው እንገምታለን። ጓደኛህ በር ከከፈተልህ ከእንግዲህ ጓደኛው አይደለህምና። በ1974 መለዮውን መለሰ።

ከዚያ ወዲያ የጻፋቸው ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም አላነበብንም። በ1975 የወጣው «የመዘምራን ልጆች» እየተጠጣ የሚሳቅበት፣ ግን መራራ የሆነ መጽሐፍ ነው። መምህራችን ለዕድሜያችሁ አይስማማም ብለው ብዙ ገጾቹን በወረቀት ማያያዣ ቈልፈው ስለ ሰጡን ፍርዳችን ሙሉ አይደለም። በሌሎቹም መጻሕፍቱ ውስጥ ፖሊሶቹ ስለ ጥቁሮችና ስለ ሴቶች የሚናገሩት ቃል አንዳንድ ጊዜ ያስቆጣል። ደራሲው የሰማውን ጻፈ ይባል ይሆናል፤ የተነገረባቸው ሰዎች መልስ ግን የፖሊሶቹን ቃል ያህል አልተሰማም ብለን እንወቅሰዋለን።

ስለ ፊልም ሥራው ጥቂት እንናገር። ገና ፖሊስ ሳለ በ1973 «የፖሊስ ታሪክ» የተባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ አስጀመረ። በዚያም ድራማ ውስጥ ዋናው ነገር ማባረርና መተኮስ ሳይሆን የፖሊሱ ኑሮ ነበር። «የመዘምራን ልጆች» በ1977 ፊልም ሲሆን ግን ድርሰቱን ሌሎች እንደ ፈቀዱ ለዋወጡት። ዋምቦ ከሰሳቸው፤ ስሙም ከፊልሙ ላይ እንዲነሣ አደረገ። ከዚህ በኋላ የካምቤልንና የሄቲንገርን ታሪክ ለማንም አልሰጥም አለ። የራሱን ገንዘብ አወጣ፤ ከሌሎችም አሰባሰበ፤ ድርሰቱን ራሱ ጻፈ። ፊልሙ በሃሮልድ ቤከር አዘጋጅነት ተሠርቶ በ1979 ታየ። የራሱ ልብ ወለድ ቢበላሽ መክሰስ በቻለ ነበር፤ በሕይወት ያለ ሰው ውርደት በፊልም ሁለተኛ ጊዜ ቢበላሽ ግን ለማን ይከሰሳል? ቤቱንና ገንዘቡን ለአደጋ ያጋለጠው ስለዚህ ይመስለናል። በበነጋው ዓመት ለታየው «ጥቁሩ እብነ በረድ» ለተባለው ፊልም በጻፈው ድርሰትም የኤድጋርን ሽልማት በ1981 ተቀበለ።

በ1989 የጻፈውን አንድ መጽሐፍ ሳንጠቅስ ብናልፍ ወላጆቻችን ይቀየሙናል፤ የእኛን አገር ልማድ ያስታውሳልና። ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር በሌስተር አውራጃ ነው። በ1983 እና በ1986 በአጎራባች መንደሮች ሁለት ልጃገረዶች ተገደሉ። አንድ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ተይዞ ሁለተኛዋን ገደልሁ ብሎ አመነ። በዚያው በሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ የተባሉ ሊቅ በ1984 የሰውን ማንነት ከደሙ የሚለይ የዲ ኤን ኤ ምርመራ አግኝተው ነበርና በዚህ ቢፈተሽ፣ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑና ያ ሰው ልጁ አለመሆኑ ታወቀ። ልጁ በዚህ ጥበብ ከሐሰት ጥፋት የዳነ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ፖሊስ የመንደሮቹን ወንዶች ሁሉ ደም እንዲሰጡ ጠራ፤ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች ሰጡ። አያቶቻችን አውጫጭኝ የሚሉት አይደለምን? ወንጀል በተፈጸመበት አገር ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሲጠየቅ የሚውልበት ሥርዓት ነው። ገዳዩ ኮሊን ፒችፎርክ የተባለ ዳቦ ጋጋሪ ግን በራሱ ፈንታ የሥራ ባልደረባውን ልኮ ደም አሰጠ። የተያዘውም በመሣሪያ አይደለም፤ ባልደረባው በመጠጥ ቤት ሲያወራ የሰማች ሴት ለፖሊስ ስለ ተናገረች ነው። በ1988 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። አዲሱ ጥበብ ልጁን አዳነ፤ ገዳዩን ያወጣው ግን እንደ ጥንቱ የሰው አፍ ሆነ።

ዋምቦ በስተ እርጅናው ጥቂት ጥቂት ፖሊሶችን እራት እየጋበዘ፣ ሲያወሩ ማስታወሻ እየያዘ ይጽፍ ነበር። በ2004 የአሜሪካ የምሥጢር ታሪክ ደራስያን ማኅበር ታላቁን የክብር ማዕርጉን ሰጠው፤ በ2006 ደግሞ «ሆሊውድ ጣቢያ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። በሳን ዲዬጎ ባለው ዩኒቨርሲቲም በእንግድነት እየሄደ የፊልም ድርሰት አስተማረ፤ ስለ ደመወዝ ብሎ የተወውን የአስተማሪነት ሐሳብ እንዲህ አድርጎ ፈጸመው። የካቲት 28 ቀን 2025 በሰማንያ ስምንት ዓመቱ በካሊፎርኒያ ዐረፈ።

ሄቲንገር ከእርሱ አስቀድሞ በ1994 ሞቶ ነበር። ኑሮውን የሠራው ከዚያ ከሽንኩርቱ እርሻ በማይርቅ ስፍራ፣ በቤከርስፊልድ አካባቢ ነው። በ1987 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ የአውራጃው ምክር ቤት አባል አድርጎ ሾመው፤ ሕዝብም በአደባባይ ያከብረው ጀመር።

ስለ ፖሊሱ ልጅ እንናገራለን ብለን ነበር። ጓደኛችን እንድንናገር ፈቅዶልናል። አባቱ ከሥራ ሲመጡ መለዮአቸውን አውልቀው ይሰቅላሉ፤ ስለ ዋሉበት ነገር አይናገሩም፤ ልጆቹም አይጠይቁም። ከሽንኩርቱ እርሻ ታሪክ ሄቲንገር በየጣቢያው እየዞረ የተናገረበትን ክፍል እኛ በአማርኛ መልሰን ጽፈነው ነበርና ጓደኛችን ወረቀቱን ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ለአባቱ አነበበላቸው። አባትየው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ «ይህን ሰው ማን ጠየቀው?» አሉ። «አንድ ፖሊስ ነው የጠየቀው» ቢላቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ስለ አንድ የሥራ ጓደኛቸው መናገር ጀመሩ፤ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ስሙ ተጠርቶ የማያውቅ ሰው ነበር። የተናገሩት ነገር የቤታቸው ነውና እኛም አልጠየቅነውም። ጓደኛችን የነገረን፣ መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እንዳልጠፋ ብቻ ነው።